ጂኦካሺንግ እና ለዊልቸር የሚመች የተራራ መንገድ

በጂኦግራፊ ክበብ አባላት

«ኩኩሉ!» ሲባል «አልነጋም!» እያለ ያልተደበቀ ልጅ በመካከላችን የለም። ጂኦካሺንግ የሚባለው ጨዋታም ከኩኩሉ ብዙ አይርቅም። የሚደበቀው ዕቃ ነው፤ ደባቂው ዕቃውን ትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ለፈላጊው የሚተውለትም ሁለት ቁጥሮች ብቻ ነው። ፈላጊው ቁጥሮቹን ስልኩ ወይም የጂፒኤስ መሣሪያው ላይ ያስገባና ቀስቱ ወደሚያመለክተው አቅጣጫ ይጓዛል። ቦታው ሲደርስ የቀስቱ ሥራ ያበቃል፤ የቀረው የዓይንና የእጅ ሥራ ነው። ዕቃውን ሲያገኝ በውስጡ ባለው ትንሽ ደብተር ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፣ ከዚያም ቀጣዩ ፈላጊ እንዲያገኘው እንደነበረ መልሶ ይደብቀዋል።

ክበባችን በዚህ ዓመት ይህን ጨዋታ የመረጠው ኬክሮስንና ኬንትሮስን ከደብተር አውጥተን መሬት ላይ እንድናያቸው ነው። ከአባሎቻችን አንዷ በዊልቸር ስለምትሄድ ግን ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ሌላ ጥያቄ አብሮን ነበር። ቁጥሩ የሚያመለክተው ቦታ ድረስ መድረስ የሚችለው ማን ነው? ካርታ ለዚህ መልስ አይሰጥም። በካርታ ላይ 200 ሜትር ሁልጊዜ 200 ሜትር ነው፤ መሬት ላይ ግን አሸዋ፣ ደረጃ፣ ሥር፣ አቀበት አለበት። ስለዚህ ትምህርታችን ሁለት ክፍል ሆነ፤ አንዱ ቦታን በቁጥር ስለ ማግኘት፣ ሌላው መንገድን በቁጥር ስለ መለካት።

ቁጥሮቹ ከየት ይመጣሉ

ጂፒኤስ የአሜሪካ መከላከያ የዘረጋው የሳተላይቶች መረብ ነው። ሥራ ላይ ያሉት ሳተላይቶች ከ24 አያንሱም፤ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው በቀን ሁለት ጊዜ ይዞራሉ። እያንዳንዱ ያለማቋረጥ የት እንዳለና ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ይናገራል። ስልካችን መልእክቱ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር፣ አባዝቶ ርቀቱን ያገኛል። ልክ ከአናታችን በላይ ካለ ሳተላይት የሚመጣ መልእክት ሰከንድ ለመቶ ቢከፈል ሰባቱን ያህል ብቻ ይፈጃል። ሦስት ርቀቶችን ያወቀ መሣሪያ ያለበትን ቦታ ሊያወጣ ይችላል። አራተኛው ሳተላይት የሚያስፈልገው የስልካችን ሰዓት ሳተላይቶቹ እንደያዙት የአቶም ሰዓት የታመነ ስላልሆነ ነው፤ የአንድ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት 300 ሜትር ያሳስታልና።

እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ ይዛባ ነበር፤ ስሕተቱም 100 ሜትር ያህል ይደርስ ነበር። በ100 ሜትር ስሕተት መርከብ ወደብ ያገኛል፣ ከዛፍ ሥር ያለ ሣጥን ግን አይገኝም። በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ውሳኔ ማዛባቱ በሜይ ወር መጀመሪያ 2000 ቆመ። በዚያው ሳምንት፣ ሜይ 3 ቀን፣ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት ቢቨርክሪክ በምትባል ስፍራ አጠገብ አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ደበቀና ቦታውን በቁጥር ለሌሎች አሳወቀ፤ ሰ 45° 17.460′፣ ም 122° 24.800′። በባልዲው ውስጥ ደብተርና እርሳስ፣ መጻሕፍት፣ ወንጭፍ፣ አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ሳይቀር ነበረበት። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኙት። (ዛሬ ምግብ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ አውሬ ያሸታልና።) አሁን በዓለም ላይ ከ3 ሚሊዮን በላይ የተደበቁ ነጥቦች አሉ።

እስቲ የአልመርን ቁጥር እንየው። 45 ዲግሪው ነው፣ 17.460 ደግሞ ደቂቃው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ለ360 ሲካፈል አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያን ለ60 ስናካፍል አንድ ደቂቃ 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለችው ሦስተኛዋ አኃዝ የደቂቃ ሺህኛ ናት፤ እርሷ በአንድ ስትለወጥ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ 1.85 ሜትር፣ የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ያህል ተራመድን ማለት ነው። የ7ኛ ክፍል አባሎቻችን ይህን በኖራ ሜዳ ላይ አስምረው በእግራቸው ለኩት።

ኬንትሮስ ግን እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም። የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታዎቹ ሲሄዱ ይቀራረባሉ። እዚህ ናይሮቢ ከምድር ወገብ በ1 ዲግሪ ከ17 ደቂቃ ብቻ ስለምንርቅ የኬንትሮስ ደቂቃም 1.85 ኪሎ ሜትር ሊባል ይችላል። ቀጥለን በምናነሣው የአሜሪካ ተራራ ግን፣ በ38 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ ሰሜን፣ አንድ የኬንትሮስ ደቂቃ 1.45 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ኮሳይን የተማሩት ለዚህ ነው፤ ከኬክሮሱ ኮሳይን ጋር ማባዛት ነው።

ለኛ ለናይሮቢ ልጆች ደግሞ ከቁጥሩ በፊት ያለው ፊደል ይከብዳል። ከአዲስ አበባ የሚላክልን የቦታ ቁጥር ሰሜን ነው፣ የኛ ደቡብ። የናይሮቢን ቁጥር «ሰሜን» ብሎ ያስገባ ፈላጊ ስልኩ 285 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ይልከዋል፤ ከማራላል ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ግመሎች መካከል።

አንድ ነጥብ ከአንድ ነጥብ ተኩል ሲለይ

ጂኦካሺንግ ለእያንዳንዱ ድብቅ ዕቃ ሁለት ደረጃ ይሰጣል፤ ሁለቱም ከ1 እስከ 5 በግማሽ ነጥብ እየጨመሩ ይሄዳሉ። አንደኛው ዕቃውን ለማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ ይናገራል፣ ሁለተኛው መሬቱ ምን ያህል እንደሚከብድ። የመሬት ደረጃ 5 ማለት ገመድ፣ ጀልባ ወይም ሌላ ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል ማለት ነው። የመሬት ደረጃ 1 ደግሞ በዊልቸር ይደረሳል ማለት ነው፤ የተነጠፈ፣ ለጥ ያለ፣ ከ800 ሜትር የማይበልጥ ጉዞ።

በእግሩ ለሚሄድ ሰው በ1 እና በ1.5 መካከል ያለው ልዩነት አይታወቅም። 1.5 የተባለውም ለጥ ያለና አጭር መንገድ ነው፤ ምናልባት አንድ ደረጃ፣ ምናልባት ጥቂት ሣር ይኖረዋል። በዊልቸር ለሚሄድ ግን ሰፊው ልዩነት እዚያ ግማሽ ነጥብ ውስጥ ነው፤ ከ1.5 እስከ 5 ያለው ሁሉ ለእርሱ አንድ ሊሆን ይችላል።

መንገዱ ደርሶም ዕቃው ላይደርስ ይችላል። ለጥ ባለ መንገድ ዳር፣ ግን በዛፍ ጉጥ ውስጥ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ ዕቃ፣ የመሬት ደረጃው 1 ሊባል አይገባም። በአሜሪካ ለአካል ጉዳተኞች የሚሠሩ ሕንፃዎች መለኪያ፣ ተቀምጦ ለሚዘረጋ እጅ የሚመቸው ከፍታ ከ38 እስከ 122 ሳንቲ ሜትር ነው ይላል። መሬት ላይ የተቀመጠ ዕቃም እንደዚሁ ያስቸግራል፤ ከዊልቸር ጎንበስ ብሎ መሬት መንካት ለብዙዎች ቀላል አይደለም።

ሌላም የሒሳብ ችግር አለ፤ ይህን የደረስንበት ራሳችን ነን፣ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። ሰማዩ በተገለጠበት ቦታ የስልክ ጂፒኤስ እስከ 5 ሜትር ይስታል እንበል። ይህ ማለት ዕቃው ያለው 5 ሜትር ሬዲየስ ባለው ክብ ውስጥ የሆነ ቦታ ነው። የክቡ ስፋት 78 ካሬ ሜትር ያህል ነው። አሁን በክቡ መካከል 1 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው መንገድ ያልፋል እንበል። ከክቡ ውስጥ መንገድ የሆነው 15 ካሬ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከአምስት እጅ አንዱ ነው። በእግሩ የሚሄደው ፈላጊ ወደ ቁጥቋጦው ገብቶ አምስቱንም እጅ ይፈልጋል። በዊልቸር ያለችው ፈላጊ ግን አራቱን እጅ ከመንገድ ዳር ሆና ከማየት በቀር ምንም አታደርግም። በጥቅጥቅ ዛፍ ሥር ወይም በገደል አጠገብ ስሕተቱ ሲያድግ ክቡም ያድጋል፤ መንገዱ ግን አይሰፋም።

ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን ድብቅ ዕቃ ማስቀመጥ የደባቂው ሥራ ነው። ዕቃው ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ክንድ የማይርቅ፣ ከሚታወቅ ነገር ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፤ «ከሁለተኛው አግዳሚ ወንበር ጀርባ»፣ «ከድልድዩ እጀታ ሥር»። ፍንጩ ክቡን ያጠብበዋል። ይህ ጨዋታውን ያቀልለዋል ብለው የሚያጉረመርሙ አሉ። አይመስለንም፤ ከአግዳሚ ወንበር ጀርባም በደንብ መደበቅ ይቻላል፣ በእረፍት ሰዓት ሞክረነዋል።

ሊምበርሎስት

ለጥናታችን የመረጥነው የተራራ ፓርክ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት የሚገኘው ሸነንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ምክንያታችን ቀላል ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ አክስት ወይም አጎት የሌለው ቤተሰብ በማኅበረሰባችን ጥቂት ነው፤ ፓርኩም ከዚያ በስተምዕራብ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ቢነዳ ይደረሳል። እኛ ያጠናነው በካርታና በፓርኩ መግለጫዎች ነው፤ ለክረምት ወደዚያ የሚሄድ ካለ ግን ይህን ገጽ ይዞ ይሂድ።

ፓርኩ የተመሠረተው በ1935 ነው። በብሉ ሪጅ ተራሮች ጀርባ ላይ 169 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ ስካይላይን ድራይቭ የተባለ የመኪና መንገድ አለው። የእግር መንገዶቹ አብዛኞቹ ድንጋያማና አቀበት ናቸው። በመንገዱ 43ኛ ማይል ላይ የሚጀምረው ሊምበርሎስት ግን የተለየ ነው። 2.1 ኪሎ ሜትር ዞሮ ወደ ተነሣበት ይመለሳል፣ ተዳፋቱ ቀስ ያለ ነው፣ 20 ሜትር የሚሆን ድልድይና ረግረጉን የሚያሻግር 45 ሜትር ገደማ የእንጨት ንጣፍ አለው። ሲደክም የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበርም አለ። ዙሪያውን 2.1 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ከ800 ሜትር ስለሚያልፍ፣ በዚህ መንገድ መካከል ላይ ያለ ነጥብ እንደ ደንቡ በቀላሉ «የመሬት ደረጃ 1» አይባልም። ደንቡ አጭርና ለጥ ያለውን ብቻ ያውቃል፤ ረጅም ሆኖ የሚመች መንገድ የሚቀመጥበት ቦታ አላዘጋጀም። ይህ የደረጃው ጉድለት ይመስለናል።

የመንገዱ ወለል ተፈጭቶ የተጠቀጠቀ አረንጓዴ ድንጋይ ነው። ጠጠር ሲባል ሁሉም ጠጠር አንድ አይደለም። ከወንዝ የሚወጣው ክብ ጠጠር ከጎማ ሥር ይንከባለላል፣ የዊልቸሩ ትናንሾቹ የፊት ጎማዎችም ይሰምጡበታል። ከካባ የሚወጣው የተፈጨ ድንጋይ ግን ጎንና ጠርዝ ስላለው፣ ከራሱ ዱቄት ጋር ሲጠቀጠቅ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠነክራል። ግንበኛ ወላጆቻችን ይህን ከኛ በተሻለ ያስረዳሉ።

የመንገዱ ታሪክም የሚነገር ነው። ፓርኩ ከመመሥረቱ በፊት በአቅራቢያው ስካይላንድ የተባለ የመዝናኛ ሥፍራ ነበር። የባለቤቱ የጆርጅ ፍሪማን ፖሎክ ሚስት አዲ ፖሎክ ሊቆረጡ የነበሩ 100 ትልልቅ የሄምሎክ ዛፎችን (ሄምሎክ የጥድ ዓይነት ነው) እያንዳንዳቸውን በ10 ዶላር ገዝታ አዳነቻቸው። ከመጥረቢያ የተረፉት ዛፎች ከእስያ ከመጣች እጅግ ትንሽ ነፍሳት አልተረፉም፤ የዛፉን ጭማቂ እየመጠጠች አብዛኞቹን አድርቃለች። ዛሬ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው የወደቁ ግንዶችንና በቦታቸው የሚበቅለውን አዲስ ደን ያያል። በሰኔ ወር ማውንቴን ሎረል የተባለው ቁጥቋጦ ነጭና ሮዝ አበባ ያወጣል።

እንዲህ ባለ ፓርክ ውስጥ ዕቃ መደበቅ ይቻላል? በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ያለ አስተዳደሩ ፈቃድ ዕቃ ትቶ መሄድ አይፈቀድም፤ መቆፈር ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብም። ምክንያቱን መረዳት ቀላል ነው። አንድ ሣጥን ከቁጥቋጦ ሥር ሲቀመጥ መቶ ፈላጊ ሣሩን ረግጦ አዲስ መንገድ ያወጣል። ስለዚህ በ2004 ኧርዝካሽ የሚባል ዓይነት ጨዋታ ተጀመረ። በዚህ ሣጥን የለም፤ ቁጥሮቹ የሚያደርሱት ወደ አንድ የምድር ትምህርት ነው። ፈላጊው እዚያ ደርሶ አይቶ፣ ቆጥሮ ወይም ገምቶ የጥያቄዎቹን መልስ ለአዘጋጁ ይልካል። ለዊልቸር ተጠቃሚ ይህ ዓይነቱ ከሁሉ የሚሻል መስሎ ታይቶናል፤ ጥያቄው ከመንገዱ ላይ ሆኖ የሚመለስ ከሆነ ያ አራት እጅ ቁጥቋጦ ማንንም አያስቀርም።

በሊምበርሎስት ላይ ብናዘጋጅ ጥያቄያችን ስለ ድንጋይ ምሰሶዎቹ ይሆን ነበር። በመንገዱ ዳር ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ ሰው የጠረባቸው የሚመስሉ የድንጋይ ምሰሶዎች ይታያሉ። እነዚህ ከ570 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ናቸው። ላቫ ሲበርድ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል፤ ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቀው ማለት ነው። ስንጥቆቹ ከላይኛው ፊት ጀምረው ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ፣ ሲገናኙም ብዙ ጊዜ አምስት፣ ስድስት ወይም ሰባት ጎን ያለው ምሰሶ ያወጣሉ። ቀስ ብሎ የበረደ ላቫ ወፍራም ምሰሶ ይሠራል፣ ቶሎ የበረደ ቀጭን። ኋላ፣ ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አፍሪካ ከሰሜን አሜሪካ ጋር ተጋጭታ እነዚያን ተራሮች ወደ ላይ ገፋች። ተራራ በሚሠራበት ሙቀትና ግፊት ጥቁሩ ባዛልት ወደ አረንጓዴ ድንጋይ ተለወጠ። የመንገዱ ወለል የተሠራበት አረንጓዴ ድንጋይ ዘሩ ይኸው ነው።

ለማነጻጸር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ናይቫሻ አጠገብ ባለው የሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ገደሎች ላይ በላቫ መቀዝቀዝ የተሠሩ ምሰሶዎች አሉ። የስሜን ተራሮችን የሠራው የኢትዮጵያ ላቫም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ነው፤ ከሊምበርሎስቱ ጋር ሲተያይ የትናንት ልጅ ነው። ሰንዓፌ ወይም ጎንደር ደርሶ የመጣ ሰው አያቶቹ በር ላይ የተቀመጡበትን ድንጋይ ጎኖቹን ይቁጠር እንጂ።

ተዳፋትን በጣውላና በውኃ ልክ

«ይህ መንገድ ለዊልቸር ይመቻል» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ጓደኛችን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስታይ የምትጠይቀው ሁልጊዜ ያው ነው፤ ስፋቱ ስንት ነው? አቀበቱ እስከ የት? ጠጠሩ ይሰምጣል? የክንድ ጉልበት እንደ ሰው ይለያያል፣ የኤሌክትሪክ ዊልቸር ያለውና በእጁ የሚገፋውም አንድ አይደሉም። አንዱ የሚወጣው ሌላውን ያስቀራል።

የአሜሪካ መንግሥት በ2013 ለፌዴራል ፓርኮች አዳዲስ የእግር መንገዶች ያወጣው መለኪያ ይህን የተረዳ ነው። በመንገዱ መጀመሪያ ላይ በሚቆመው ሰሌዳ ርዝመቱ፣ ወለሉ ከምን እንደተሠራ፣ የተለመደውና ጠባቡ ስፋት፣ የተለመደውና ከባዱ ተዳፋት እንዲጻፍ ያዛል። መሄድ አለመሄዱን የሚወስነው አንባቢው ነው። መለኪያው ራሱ እንዲህ ይላል። ስፋቱ ከ91 ሳንቲ ሜትር አያንስም። ተዳፋቱ በ20 ሜትር ጉዞ 1 ሜትር የሚወጣ ወይም ከዚያ የቀለለ ከሆነ የፈለገውን ያህል ሊረዝም ይችላል። በ12 ሜትር 1 ሜትር እስከሚወጣ ድረስ ከሆነ በየ61 ሜትሩ ማረፊያ ያስፈልገዋል፤ በ10 ሜትር 1 ሜትር ከሆነ በየ9 ሜትሩ፤ በ8 ሜትር 1 ሜትር ከሆነ በየ3 ሜትሩ። ባልተነጠፈ መንገድ ላይ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ብቅ ያለ ሥር ወይም ድንጋይ አይፈቀድም።

ይህን ለመለካት የሚያስፈልገው 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ፣ ውኃ ልክና ሜትር ነው። ጣውላውን በተዳፋቱ አቅጣጫ አጋድሙት፣ ውኃ ልኩን ላዩ ላይ አስቀምጡ፣ አረፋው መሐል እስኪገባ ድረስ የታችኛውን ጫፍ ከፍ አድርጉ። ከዚያ ከጫፉ እስከ መሬት ያለውን በሜትር ለኩ። 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ ከሃያ አንድ ነው። 16 ሳንቲ ሜትር ከ7 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከአሥራ ሁለት አንድ፤ 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከስምንት አንድ። የስልክ መተግበሪያም ይሠራል፣ ሆኖም አጭር ጉብታ ላይ ከተቀመጠ ያታልላል፤ ጣውላው ይሻላል።

በግቢያችን ያወጣነው መንገድ

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ስድስት ነጥቦች ያሉት የፍለጋ መንገድ በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ አዘጋጅተናል። አንድ ቃል ለወላጆች፦ ልጆች በየመናፈሻውና በየገበያ አዳራሹ ሣጥን እንዲደብቁ አትፍቀዱላቸው። ባለቤቱ ያልታወቀ ሣጥን በከተማችን የሚያስደነግጥ ነገር ነው፤ በሌሎች አገሮችም የጂኦካሺንግ ዕቃ ፖሊስ ያስጠራበት ጊዜ አለ። እኛ የተጠቀምነው ውስጡ የሚታይ የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ነው፤ በላዩ የክበባችን ስም ተጽፏል፣ ጥበቃዎቻችንም ስድስቱንም ቦታዎች ያውቃሉ። የጨዋታው ሰዎች ከ2002 ጀምሮ የሚከተሉትን ልማድም ወስደናል፤ ፈላጊ ሁሉ ሲመለስ በመንገዱ ያየውን ቆሻሻ ይዞ ይመለሳል።

ነጥቦቹን ከመምረጣችን በፊት መንገዱን ጓደኛችን ከፊት ሆና፣ ሌሎቻችን ጣውላና ሜትር ይዘን ከኋላ እየተከተልን ሄድንበት። ከበሩ እስከ ባንዲራው ያለው ሁሉ ከሃያ አንድ በታች ነው። በጃካራንዳው ሥር ያለው ንጣፍ በሥሩ ተገፍቶ 7 ሳንቲ ሜትር ተነሥቷል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ዕቃ ከዛፉ ማዶ ሳይሆን በወዲህ በኩል፣ ከአጥሩ ብረት ላይ በ90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አሠርነው። የዚህኛው ፍንጭ በጣም ተንኮለኛ ነው፤ ሦስት መምህራን ሳያገኙት ተመልሰዋል።

አራተኛው ነጥብ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው የአትክልት ቦታ ነው። ወደዚያ የሚወርደው የኮንክሪት መንገድ 4 ሜትር ርዝመት ሲኖረው በዚያ ውስጥ 48 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ሲካፈል ከመቶ 12 ነው፤ በዚህ ተዳፋት መለኪያው የሚፈቅደው 3 ሜትር ብቻ ነው። ሲወርዱ ጎማውን የሚይዘው መዳፍ ይቃጠላል፤ ሲወጡ ከኋላ የሚገፋ ሰው ያስፈልጋል፣ ጓደኛችን ደግሞ ዕቃውን ራሷ ሄዳ ማግኘት ትፈልጋለች። ነጥቡን ወደ ሌላ ቦታ እናዛውረው ያሉ ነበሩ። እርሷ አልተስማማችም፤ በአትክልቱ ቦታ የሚካሄድ የሳይንስ ትምህርት አለ፣ ጨዋታው ቢዛወር ትምህርቱ አይዛወርም አለች።

ስለዚህ ሒሳቡን ሠርተን ለወላጆች ኮሚቴ አቀረብን። 48 ሳንቲ ሜትር በ12 ሲባዛ 576 ሳንቲ ሜትር ነው። መንገዱ እንደገና ተሠርቶ 5 ሜትር ከ76 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም፣ ማለትም ወደ አበባው መደብ 1 ሜትር ከ76 ሳንቲ ሜትር ቢገፋ፣ ከአሥራ ሁለት አንድ ይሆናል። ከወላጆች አንድ ግንበኛ መጥተው በራሳቸው ውኃ ልክ ለክተው ያው ቁጥር አግኝተዋል። ሥራው ለክረምቱ ዕረፍት ተይዟል፤ እስከዚያው አራተኛው ነጥብ በካርታችን ላይ 1.5 ተብሎ ተጽፏል።